የላሟና የሰውየው ትንፋሽ

ድርቆሹ ያልደረቀበት ዓመት ነበር። ሰኔ ሲገባ ከባሕሩ የተነሣው ጉም ሜዳው ላይ ተኛና መመለሱን ረሳው። ጠዋት ስንነሣ ጉም፣ ቀትር ላይ ጉም፣ ማታም ያው። የታጨደው ሣር መሬት ላይ እንደተጋደመ ውሃ ያዘ፤ ሲገለብጡት ከሥሩ እንደ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ገመድ ላይ የዋለ ፎጣ ሲሰጣ ከነበረው ይልቅ ረጥቦ ይገባል። ሰዉም ዝም አለ። ዝምታው የሐዘን አልነበረም። እጅ በረዶ ውሃ ውስጥ ሲቆይ መጀመሪያ ያማል፣ ኋላ ግን የማን እጅ እንደሆነም ይጠፋል፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ነበር። በኮንሰን ሜዳ ከብት የሚያረባ ሰው ያን ዓመት ሲያነሣ ቁጥሩን አይጠራም። "የጉሙ ዓመት" ብሎ ያልፋል።

ፉሳኤ ቶጋሺ ያን ጊዜ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከባሏ ከኢዋኪቺ ጋር ሠላሳ ስምንት ላም ያልባሉ። አጭር ሴት ናት፤ የጎማ ጫማዋ ጉልበቷን አልፎ ይሄዳል፤ ስትራመድ ሰው ሳይሆን ጫማው ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። አፍንጫዋን ግን አገር ያውቀዋል።

ላም በወለደች በሳምንት በሁለት ሳምንቷ፣ የምታወጣው ወተት ከምትበላው ሲበልጥ፣ የገዛ ጮማዋን መብላት ትጀምራለች። ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ያልቃል። ከዚያ ገንዳዋን ትጠላለች፣ ዓይኗ ይፈዛል፣ ከአፏም አንድ ሽታ ይወጣል። ልክ ያለፈ የበሰለ ፍሬ ይመስላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይመስላል። ጣፋጭ ነው፣ ግን ደስ አይልም። ይህን ሽታ ሁሉም ሰው አይሰማውም። ኢዋኪቺ ዕድሜውን ሙሉ ከላም ጋር ኖሮ አንድም ቀን አልሸተተውም። የከብት ሐኪሙ ኦዳጊሪም አይሸተውም፤ እሱ የሚያውቀው በወረቀት መፈተሻው ነው። ፉሳኤ ግን ጎሕ ሳይቀድ ከማለቧ በፊት በረቱን ከዳር እስከ ዳር ትዞርና አፍንጫዋን ከእያንዳንዷ ላም አፍ ታስጠጋለች። ላሞቹ ለምደዋታል፤ እነሱም መልሰው ያሸቷታል። "ይቺ ነገ ትታመማለች" ካለች ነገ ትታመማለች።

"ፉሳኤ ሳን፣ አፍንጫዎን ለመሥሪያ ቤታችን ቢያውሱን ምናለ" ይላት ነበር ኦዳጊሪ።

"ከነንፍጡ ከሆነ ይውሰዱት፣ ሰንሰይ።" እኛ ዘንድ ሰው ሲከበር "ሳን"፣ ሐኪም ሲከበር "ሰንሰይ" ይባላል።

ኢዋኪቺ መታመም የጀመረው ጉሙ ከመምጣቱ በፊት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ሁለቱም ትከሻው እንደ ዛገ ማጠፊያ ተያዘ። ሸሚዝ የምታለብሰው ፉሳኤ፣ ጠጉሩን የምታበጥረው ፉሳኤ ሆነች። የማለቢያውን መሣሪያ ማንሣት አቃተው። ከተማ ካለው ክሊኒክ ሄዶ ለምርመራ ደም ሰጠና ትንንሽ ክኒኖች በወረቀት ከረጢት ይዞ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ "እናት፣ እዪ እስቲ" አላት። ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ሰቅሏል።

"ማን ማረከህ?" አለችው።

ልጃቸው ናትሱኤ ከተወለደች ጀምሮ እሱ "እናት" ይላታል፣ እሷ "አባት" ትለዋለች። ናትሱኤ አድጋ፣ አግብታ፣ ኩሺሮ ከተማ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ መጠሪያው ግን አልተለወጠም።

ክኒኑ ደህና አድርጎ አነሣው። ትራክተሩ ላይ ወጣ። ምግብ አማረው። ጉንጩ ሞላ፣ ፊቱ ክብ ሆነ። "ከሩቅ ሳይህ ጨረቃ ትራክተር የምትነዳ ነው የሚመስለኝ" ትለዋለች። ከክኒኑ ጋር የክሊኒኩ ሐኪም አንድ ወረቀት ሰጥቶት ነበር። ኢዋኪቺ አጥፎ የሥራ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ምን ይላል?" አለችው።

"በባዶ ሆድ አትዋጥ ይላል።"

እውነቱን ነው። ይህም ተጽፎበት ነበር።

ለሰው እንዳትነግርም አደራ አላት። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ክኒን ጀመረ ከተባለ፣ በሳምንቱ ላሞቹን ማን ይወስዳቸዋል የሚል ወሬ ይነሣል። ፉሳኤም ለማንም አልተነፈሰችም። ናትሱኤ ስትደውል እንኳ "አባትሽ ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል" ነበር የምትላት።

ሐምሌ ላይ ጉም የምትባለው ላም ወለደች። ፉሳኤ ለላሞቿ በተወለዱበት ቀን የነበረውን አየር ስም አድርጋ ትሰጣቸዋለች። በረቱ ውስጥ ሁለት በረዶ፣ አንዲት ነፋስ፣ አንዲት ፀሐይ ነበሩ። ጉም ከሁሉም ብዙ ወተት የምትሰጥ፣ ስትታለብ ደግሞ ጭንቅላቷን ሰው ትከሻ ላይ የምትጥል ላም ናት። ያን ዓመት የበላችው እርጥብ ድርቆሽ ለወተቷ አልበቃም። በወለደች በዘጠነኛው ቀን ፉሳኤ አፍንጫዋን ስታስጠጋ ሽታው ተቀበላት።

ኦዳጊሪ በነጭ ትንሽ መኪናው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ያን ቀን አሥራ አንደኛ በረቱ ነበር፤ ጫማውን እንኳ በወጉ አላጠበም። ከጉም ደም ጠብ አድርጎ ወረቀቱን ነከረ፤ ወረቀቱ ቀለሙን ለወጠ። ስኳር የሞላበትን ትልቅ ጠርሙስ ምሰሶው ላይ ሰቀለና ከአንገቷ ደም ሥር አያያዘው። ቀጥሎ በትንሽ መርፌ ሌላ ነገር ወጋት።

"ያቺ ትንሿ ምንድን ናት?" አለችው ፉሳኤ። ይህን መርፌ ሠላሳ ዓመት አይታዋለች፤ ጠይቃ ግን አታውቅም።

"ስቴሮይድ ናት።"

ፉሳኤ ቃሉን አወቀችው። የኢዋኪቺ የክኒን ከረጢት ላይ ያው ቃል አለ። ልቧ ትንሽ ሞቅ አላት፤ የሩቅ አገር ሰው መስሏት ቆይታ የጎረቤት ልጅ ሆኖ እንዳገኘችው።

"ምን ታደርግላታለች?"

ኦዳጊሪ ጠርሙሱን እያየ፣ ጠብታውን እየቆጠረ ነገራት። "እንግዲህ ስኳር በደም ውስጥ ሲዞር ኢንሱሊን የሚባል አለ። በር አንኳኪ በሉት። በየሥጋው ቤት እየሄደ ያንኳኳል፣ በሩ ሲከፈት ስኳሩ ይገባል። ይቺ መርፌ በሩን ታስጠረቅማለች። አንኳኪው ቢያንኳኳ ቤቱ ቶሎ አይከፍትለትም። ጉበቷም ስኳር እንዲሠራ ትቀሰቅሳለች። ስለዚህ ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይቆያል። ወተቷም ቀነስ ይላል፣ ትንሽ ታርፋለች።"

"እና ደግ ነው።"

"ለሷ ደግ ነው።"

ኦዳጊሪ "ለሷ" ያላት ቃል ፉሳኤ ጆሮ አልገባችም። "ደግ ነው" የሚለው ነው የገባው። ስለ ኢዋኪቺ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ አደራው ትዝ አላትና ዘጋችው። ኦዳጊሪም አሥራ ሁለተኛው በረት ይጠብቀው ነበር።

ጉም በማግሥቱ ገንዳዋን ላሰች። በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቷን ፉሳኤ ትከሻ ላይ ጣለች። ፉሳኤ ስቴሮይድና ስኳር አብረው የሚሄዱ ነገሮች እንደሆኑ በዓይኗ አየች። እንዲያውም ከዚያ ቀን በፊትም ተለያይተው አይታቸው አታውቅም።

ነሐሴ ሲጀምር ኢዋኪቺን ጥም ያዘው። ውሃ ይጠጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ መንገድ ዳር ካለው የመጠጥ ማሽን ጣፋጩን የወተት ቡና በጣሳ በጣሳ አምጥቶ ትራክተሩ ላይ ይደረድረዋል። ሲጠጣ ይሸናል፣ ሲሸና ይጠማዋል።

"መጸዳጃ ቤቱን ወረስከው እኮ" አለችው። "እኔ ወደ ሜዳ ልውጣ?"

"ሜዳው እርጥብ ነው፣ ትንሽ ብትጨምሪበት አይታወቅም።"

ከዚያ ክብ የነበረው ፊቱ መጉደል ጀመረ። ሱሪው ላላ። ሩዙን ሁለት ጊዜ በመብያ እንጨቱ ጫፍ አንሥቶ ይተወዋል። አንድ ጠዋት ፉሳኤ የሸሚዙን ቁልፍ ልትቆልፍለት ጎንበስ ስትል ትንፋሹ ፊቷ ላይ መጣ።

የላሟ የጉም ሽታ ነበር።

አልደነገጠችም። ይህን ኋላ ደጋግማ ተናግራዋለች፣ አልደነገጥኩም፣ እንዲያውም እፎይ አልኩ ብላ። ለወራት ስሙን የማታውቀው በሽታ በቤቷ ሲዞር ቆይቶ፣ ዛሬ የምታውቀው ሆኖ መጣላት። ስኳር አልቆበታል። ክኒኑ ብቻውን አልበቃውም፤ ጠርሙሱ ነው የጎደለው።

"ነገ ክሊኒክ እንሂድ" አለችው ግን።

"ራዲዮው ከነገ ወዲያ ጉሙ ይገለጣል ብሏል። ድርቆሹ ይግባና እሄዳለሁ።"

"ሦስት ቀን ነው እንግዲህ።"

"ሦስት ቀን ነው። ከዚያ አንቺ ራስሽ ታስሪኝና ትወስጂኛለሽ።"

እሺ አለች። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ ብላ ነው እሺ ያለችው።

ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሦስት ማንኪያ የተቆለለ ስኳር ታሟሟና በሕመምተኛ ማጠጫው፣ ረጅም አፍ ባለው ጽዋ፣ ታጠጣዋለች። ከማለብ በፊት አንድ፣ ከማለብ በኋላ አንድ፣ ቀትር ላይ፣ ከሰዓት፣ ማታ። መሐል ላይ በጣፋጭ ጭማቂ የታሸገ የኮክ ፍሬ ጣሳ ትከፍትለታለች፤ ኮኩን ቢተወውም ጭማቂውን ያስለቅቀዋል። ኮክ ነፍሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዓይኑ በራ፣ ቀልድም ቀለደ።

"እንደ ጥጃ አጠባሽኝ እኮ።"

"ጥጃ ብትሆንማ ይኼኔ ጭራህን ቆልተህ ተነሥተህ ነበር።"

"ጭራውን ሠርተሽ ስጪኝ፣ እቆላዋለሁ።"

በሁለተኛው ቀን ሆዱን አመመው፣ ትንሽ አስመለሰው። በሦስተኛው ቀን አብዝቶ ተኛ። ሲተኛ አተነፋፈሱ ረጅምና ፈጣን ነበር፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ፉሳኤ ማንኪያውን ከሦስት ወደ አራት አሳደገችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጉሙ ተገለጠ። ፉሳኤ ከበረት ስትወጣ ሜዳው ወለል ብሎ፣ እስከ ተራራው ድረስ ታየ። ብርሃኑን ረስታው ስለነበር ዓይኗን በእጇ ከለለች። "አባት፣ ፀሐይ ወጣች" እያለች ገባች። ጽዋው በእጇ ነበር። ጠራችው፣ ትከሻውን ነቀነቀችው። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል፣ እሷን ግን አያይም።

የከተማው ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለቻቸው ወጣት ሴት ሐኪም ነበረች። ናትሱኤም ከኩሺሮ በርራ ደርሳለች። ሐኪሟ ቆማ ትጽፋለች።

"ሰሞኑን ምን ይጠጡ ነበር?"

"ሻይ" አለች ፉሳኤ።

"ሌላስ?"

"ውሃ።"

"ጣፋጭ ነገር? ለስላሳ፣ ጭማቂ?"

"አባቴ ጣፋጭ ይወዳል" አለች ናትሱኤ።

"ሰሞኑን አልጠጣም" አለች ፉሳኤ።

ለምን እንዲህ እንዳለች አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ገና ጥፋት መሥራቷን አላወቀችም ነበር፤ የሐኪሟ አጠያየቅ ብቻ ነው ያስፈራት። ሐኪሟ ጻፈችው። ነርሶቹ አንድ ጠርሙስ ሰቀሉ።

"ይሄ ስኳሩ ነው?" አለች ፉሳኤ።

"ስኳርማ ደማቸው ውስጥ ሞልቶ ፈሷል እናቴ፤ ይሄ ጨዋማ ውሃ ነው። በዚህኛው ቱቦ የሚገባው ደግሞ ኢንሱሊን ነው። የሚውጡት ስቴሮይድ ስኳሩን ከፍ አድርጎባቸዋል።"

በር አንኳኪው። ፉሳኤ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ያን ጊዜ ነው የገባት። ጣቶቿ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ጀመረ፣ እንደ በረዶ ውሃ፤ ከጣቶቿ ወደ ክንዷ ሄደ፣ ከክንዷ ወደ ደረቷ። ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማታ ላሞቹ መታለብ አለባቸውና ጎረቤት በመኪናው መልሶ አመጣት። አለበች።

ኢዋኪቺ በሰባተኛው ቀን ነቃ። ናትሱኤ ያን ቀን ልጆቿን ልታይ ወደ ኩሺሮ ተመልሳ ነበር። ነርሷ ቀና አድርጋ ወፍራም ሻይ በማንኪያ ስትሰጠው ፊቱን አኮማተረ።

"ይሄ ይመራል። የናትሱኤ እናት ጣፋጭ ነበር የምታጠጣኝ። እንደ ጥጃ።"

ነርሷ ሳቀች። "ጥጃችን ዛሬ ነቃ፣ ጥሩ ምልክት ነው" አለች። የሰመመን ወሬ መስሏታል። ፉሳኤ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ታስተካክል ነበር። ማስተካከሏን ቀጠለች። ኢዋኪቺ አያት፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር።

"ድርቆሹ ገባ?"

"ገባ። ጎረቤቶች አስገቡት።"

"ደረቀ?"

"ደረቀ።"

በአሥራ አንደኛው ቀን ሳንባው ቆሰለና ሞተ። ክኒኑ የሰውነቱን አቅም አድክሞት ነበር አሉ። አስከሬኑ ቤት ሲገባ የማታው ማለቢያ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ፉሳኤ ጥቁር ልብሷ ላይ የሥራ ልብሷን ደርባ በረት ገባች። ለቀስተኞች ሳሎን ተቀምጠው የማለቢያውን ሞተር ድምፅ ሰሙ። አላለቀሰችም። "ጠንካራ ናት" ያሉ ነበሩ፤ "ደረቅ ናት" ያሉም ነበሩ። እሷ ሁለቱንም አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ በረቱን ስትዞር እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ በመሐል ታልፋለች። አፍንጫዋን ለማንም ላም አታስጠጋም። ጥቅምት ላይ ነፋስ ስትወልድ ራሷ የወረቀት መፈተሻ አስመጥታ ወተቷ ውስጥ ነከረችው። ኦዳጊሪ ወረቀቱን በእጇ ሲያይ ሳቀ።

"አፍንጫዎ ጡረታ ወጣ እንዴ?"

"ወጣ።"

ሳቁን ተወው። ጠርሙሱን ሰቀለ፣ ትንሿን መርፌ አወጣ። ፉሳኤ መርፌዋን አየቻት።

"ሰንሰይ፣ ያን ጊዜ ጉምን ሲወጉ 'ለሷ ደግ ነው' አሉኝ። ክፉ የሚሆነው ለማን ነው?"

ኦዳጊሪ መርፌውን ወግቶ ጨረሰ፣ ቦታውን በመዳፉ አሸ። "ላም አንድ ጊዜ ናት የምትወጋው። በሩ ሁለት ሦስት ቀን ይጠረቀማል፣ ከዚያ ይከፈታል። በየቀኑ ለወራት ቢሰጥ ግን በሩ ተዘግቶ ይቀራል። ስኳሩ ውጭ ተከማችቶ ቤት ውስጥ ረኀብ ይሆናል። ከባሰ ሥጋው እንደ ራበው ሰው ጮማውን ያነድዳል።"

"ያን ጊዜ ሽታው?"

"ሽታው ያው ነው።"

"ያው?"

"ያው ነው። የላሟ ስኳሩ ስላለቀ ነው። የሌላው በሩ ስለተዘጋ ነው። ከአፍ ሲወጣ አንድ ነው፣ አፍንጫ አይለየውም።" ይህን ሲል ቀና አለ፤ ስለማን እንደምትጠይቀው ያኔ ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ። "ፉሳኤ ሳን፣ ኢዋኪቺ ሳን ስቴሮይድ ይውጡ ነበር?"

"ከሚያዝያ ጀምሮ።"

"አልነገሩኝም።"

"አልነገርኩዎትም።"

ሁለቱም ነፋስን ያዩ ነበር። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ድረስ ቆሙ።

የክሊኒኩን ወረቀት ያገኘችው በዚያው ወር ነው፣ የሥራ ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ። አራት ላይ ታጥፎ፣ በላብና በድርቆሽ ብናኝ ገርጥቷል። ፉሳኤ ንባብ ላይ ዝግ ያለች ናት፤ ወጥ ቤት ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ጣፋጭ መጠጥ ይተዉ። ጥም ሲጠና፣ ሽንት ሲበዛ፣ ሰውነት ሲከሳ ቀን ሳያሳድሩ ይደውሉ። ሐኪሙ በቀይ አስምሮበታል። ከሥሩ በትንሹ "በባዶ ሆድ አይዋጥ" ይላል። ጥፋቱ የሁለታቸው መሆኑን ስታውቅ ሸክሙ የሚቀላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም፣ አልከበዳትምም። ወረቀቱን አጥፋ የመታሰቢያው ሣጥን መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

የመታሰቢያው ሣጥን ሳሎኑ ጥግ ያለ ጥቁር ቁም ሣጥን ነው፤ የኢዋኪቺ ፎቶ እዚያ ተቀምጧል። ሟች የሚወደውን ነገር ፊቱ ማስቀመጥ በየቤቱ ያለ ወግ ነው። ኢዋኪቺ ጣፋጭ ወዳጅ መሆኑን የማያውቅ ስለሌለ ሰዉ ሁሉ ጣፋጭ ባቄላ የተሞላ ኬክ፣ ከረሜላ፣ የወተት ቡና በጣሳ ይዞ ይመጣል። ፉሳኤ አመስግና ትቀበላለች፣ እንግዳው እስኪሄድ ታስቀምጠዋለች፣ የመኪናው ድምፅ እንደራቀ ታነሣዋለች። በማግሥቱ ለወተት ቦቴው ሾፌር ትሰጠዋለች። ሾፌሩ ያን ክረምት ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ፈታ። በሣጥኑ ፊት የሚቀረው ሩዝና መራራ ሻይ ብቻ ነበር። "ፉሳኤ ሟቹን ጾም አስያዘችው" እያልን እንቀልድ ነበር። ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ ሙታን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት ሰሞን፣ ናትሱኤ መጣች። ጉም አልነበረም፤ ድርቆሹ ገና በሐምሌ ገብቷል። ናትሱኤ ከቦርሳዋ የኮክ ጣሳ አወጣች፣ ከፈተችው፣ በሳህን ከነጭማቂው ገልብጣ አባቷ ፎቶ ፊት አኖረችው። ፉሳኤ ከወጥ ቤት ወጥታ ሳህኑን አነሣችው።

"እማ፣ ምን መሆንሽ ነው? አሁን እኮ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ይሄ አይሆንም።"

"አባቴ ኮክ ይወዳል።"

"አውቃለሁ።"

"ሾፌሩ ነገረኝ። ሰው ያመጣውን ሁሉ ለሱ ትሰጪዋለሽ አሉ። አባቴ ምን አደረገሽ? የሞተ ሰው ስኳር ይጨምርበታል ብለሽ ነው?" ናትሱኤ ቀልድ አድርጋ ልትጨርሰው ፈልጋ ነበር፤ ቀልድ ግን አልሆነላትም።

ፉሳኤ ሳህኑን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጭማቂው ጠርዙ ድረስ ደርሶ ተመለሰ።

"ሦስት ቀን አጠጣሁት" አለች።

"ምን?"

"ስኳር በውሃ። የኮክ ጭማቂም። አፉ ላሟ የሸተተችውን ሸተተኝ፣ ስኳር አልቆበት መሰለኝ። ላም እንደዚያ ስትሸት ስኳር ነው የሚሰጣት። በቀን አምስት ጊዜ አጠጣሁት፣ ሲብስበት ጨመርኩለት። ለሐኪሟ ሻይ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው።"

መሳቢያውን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠቻት። ናትሱኤ ቆማ አነበበችው፣ መልሳም አነበበችው።

"ይሄ የት ነበር?"

"ጃኬቱ ኪስ ውስጥ። እኔ አላየሁትም።"

"በየሳምንቱ ስደውል 'ደህና ነው' ትዪኝ ነበር።"

"ደህና መስሎኝ ነው። መድኃኒቱን የማውቀው መስሎኝ ነው።"

ናትሱኤ መስኮቱ ጋ ሄደች። ውጭ ላሞቹ በአጥሩ ጥግ ተኝተው ያመነዥኩ ነበር። ፉሳኤ የሚመጣውን ጠበቀች፤ ለቅሶ ይሁን ስድብ፣ የቱም ቢመጣ ለመቀበል ዝግጁ ነበረች። የቱም አልመጣም። ናትሱኤ ተመልሳ ሳህኑን ከእናቷ እጅ ወሰደች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ ጭማቂውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ውሃ ስትከፍት ተሰማ። ኮኮቹን አንድ በአንድ አጠበቻቸው፣ ረጅም ጊዜ፣ ሕፃን እንደሚታጠብ። አንዱን ብቻ በንጹሕ ሳህን አድርጋ መጣችና ፎቶው ፊት አስቀመጠችው።

ፉሳኤ ሳህኑን አየችው። አላነሣችውም።

በማግሥቱ ናትሱኤ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። "ይቅር ብዬሻለሁ" አላለችም፣ "አልልሽም" አላለችም። በየእሑዱ መደወሏን አልተወችም። የሚያወሩት ስለ ልጆቹና ስለ አየሩ ነበር። ፉሳኤም ከዚያ ወዲያ "ደህና ነኝ" ማለት ተወች፤ ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ በላሁ፣ ዛሬ በእግሬ ወጣ አልኩ እያለች አንድ በአንድ ትዘረዝርላታለች። ናትሱኤም እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች።

ላሞቹ በዚያው ዓመት መኸር ተሸጡ። ሁለት የጭነት መኪና መጣ። ጉም መወጣጫው ላይ አልወጣም ብላ እግሯን ተከለች። ፉሳኤ ገመዱን ከሾፌሩ ተቀብላ ከፊቷ ቆመች። ላሟ እንደ ልማዷ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ፉሳኤ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫዋን ከላሟ አፍ አስጠጋች፣ ሳበችም። ሣር ሣር ነው የሸተታት። "ደህና ናት" አለችው ሾፌሩን፤ ጉምም ተከትላት ወጣች። ያን ቀን የማታው ማለቢያ ሰዓት ሲደርስ ፉሳኤ የጎማ ጫማዋን አድርጋ ባዶው በረት ደጃፍ ድረስ ሄዳ እንደተመለሰች ሰዎች አይተዋታል።

አሁን ቤቱ ዝግ ነው። ሜዳውን ጎረቤት ያጭደዋል። መጨረሻ በሰማነው ወሬ ፉሳኤ ቶጋሺ ኩሺሮ ውስጥ፣ ከወደቡ ሁለት ፌርማታ ርቆ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትኖራለች። ናትሱኤ እሑድ እሑድ ትመጣለች።